ከራቁቶቹ መሀል በዋና ልብስ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጀርመን፣ በርገር ሽትራሰ የሚባለው ጎዳና ላይ ካለው የሳሙናና የቅባት መደብር ገብቼ የጥርስ ሳሙና ስመርጥ፣ አጠገቤ የቆመች አንዲት ወጣት የፀሐይ ቅባት ከፍታ እጇ ላይ ጠብ አደረገችና አሸተተች። ሽታው እኔ ጋም ደረሰ። የኮኮናት ዘይትና ፀሐይ የመታው ሣር አንድ ላይ የተቀላቀሉበት የሚመስል ሽታ ነው። የጥርስ ሳሙናውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። የጥድ ዛፎቹ፣ ሣሩ ላይ የተነጠፉት ፎጣዎች፣ እርቃናቸውን ተቀምጠው ካርታ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች፣ በላያችን ዝቅ ብሎ እያጓራ የሚያልፈው አውሮፕላን፣ ሁሉም ባንድ አፍታ ተመልሶ ፊቴ ላይ ተደቀነ። ትክ ብዬ ሳያት ደንግጣ ነው መሰለኝ፣ ልጅቷ «ይቅርታ፣ መንገድ ዘጋሁብዎት?» አለችኝ። «የለም ልጄ፣ ሽታው ነው» አልኳት። ምኑም ሳይገባት ፈገግ ብላ ሄደች።

ዓመተ ምሕረቱን አላስታውስም፤ ባስታውስም አይጠቅምም። የዓለም ዋንጫው በማይን ወንዝ መሀል በቆመው ትልቅ ስክሪን ታይቶ፣ ባንዲራው ከየመስኮቱ ከወረደ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። በርገር ሽትራሰ ላይ አንድ ማንኪያ አይስክሬም ገና ከአንድ ኦይሮ በታች ነበር፤ ዛሬ በዚያ ዋጋ የሚያቀምስህም የለ። ሴቶቹ የጠበበ ሱሪያቸውን ቦት ጫማ ውስጥ ይከቱ ነበር። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው የሐበሻ ሱቅ ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን አዳዲስ የዘፈን ሲዲዎች ደርድሮ ይሸጣል፤ ባለሱቁም ሁሉንም «ይሄ ገና ትናንት የገባ ነው» ይላል። ባለቁልፍ ስልክ እየቀረ፣ ያ እንደ መስታወት የሚዳሰሰው ስልክ በየሰው እጅ መግባት የጀመረበት ጊዜ ነበር። ያኔ ማናችንም ልብ አላልነውም እንጂ፣ ሰው ስለ ገላው ያለውን ሐሳብ የቀየረው ያ ስልክ ይመስለኛል።

እኔ ሃምሳዎቹን አጋምሼ ነበር። በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ነበርኩ። ባለቤቴ ተፈራ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው የጭነት ክፍል ውስጥ ይሠራል። ልጃችን ሶስና ሃያ ዓመት ሞልቷት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነበር። ኑሯችን ኖርድኤንድ በሚባል ሰፈር፣ አሳንሰር የሌለው አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በዚያ ዓመት ብርድ ወራት ግራ ጡቴ ላይ ካንሰር ተገኘና ቆርጠው አወጡት። ከብብቴ ሥርም እጢዎች ስላወጡ ክንዴ አበጠ፤ ከትከሻዬ በላይ አልነሣ አለ። ፀጉሬን ማበጠር አቃተኝ፤ የቀሚሴን ዚፕ የሚዘጋልኝ ተፈራ ሆነ። ሥራ ቦታማ ከበሽተኞቹ እኔ ብሼ ተገኘሁ። ክንዴን የምታሽልኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አንድ ቀን ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ «ይዋኙ። ካልዋኙ ይሄ ክንድ እንዲህ እንደሆነ ይቀራል» አለችኝ። እኔ ደግሞ በግማሽ ክንድ የምኖር ሰው አይደለሁም። ዋና የተማርኩት ልጅ ሳለሁ ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ነው፤ ውሃ አልፈራም። በዚያው ሳምንት የዋና ልብስ ገዛሁ፤ በጎደለው በኩል የሚገባ ለዋና የተሠራ ቀለል ያለ የሲሊኮን ጡት ጨምሬ ወደ ከተማው ገንዳ ሄድኩ።

የሆነውን ባጭሩ ልናገር፤ ማስረዘም አልወድም። ሁለተኛውን ዙር ስጨርስ ሲሊኮኑ ከልብሴ ሾልኮ ወጣና ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ገንዳው ዳር የተቀመጡ ጎረምሶች መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው በሳቅ ፈነዱ። አንደኛው ስልኩን አነሣ። እኔ በአንድ እጄ ደረቴን ይዤ፣ በዚያ በማይታዘዘው እጄ ጡቴን ከውሃው ላይ ለቅሜ ወጣሁ። ፀጉሬ እንደራሰ ትራም ተሳፈርኩ። ቤት እንደደረስኩ የዋና ልብሱን ከነውሃው ፌስታል ውስጥ አስሬ ቁም ሳጥን ሥር ወረወርኩት። ለሶስና ምንም አልነገርኳት። ጠባሳዬንም ቢሆን አይታው አታውቅም፤ በሯን ስትከፍት ሁልጊዜ ለብሼ ነው የምጠብቃት።

ያወቀችብኝ ከታች የምትኖረው ኢንግሪድ ናት። ኢንግሪድ ሰባን ያለፈች፣ ጡረታ የወጣች የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረች። ጥሩወርቅ የሚለው ስሜ ምላሷ ላይ አልዞር ስላላት «ትሮይ» ትለኛለች፤ በእነሱ ቋንቋ ታማኝ ማለት ነው። ደረጃው ላይ ፊቴን አይታ ያዘችኝና ወጥ ቤቷ አስቀምጣ አናዘዘችኝ። ስጨርስ አላዘነችልኝም፤ ይሄ ደስ አለኝ።

«እኛ ጋ ነይ» አለችኝ።

እኛ ጋ ማለት የት እንደሆነ አውቃለሁ። በጋ በገባ ቁጥር በየእሑዱ ቅርጫቷን ይዛ ትወጣለች፤ ቅርጫቷ ውስጥ ዳቦ፣ ቼሪና ፎጣ እንጂ የዋና ልብስ ኖሮ አያውቅም። ከከተማው በስተደቡብ ደኑ ዳር የራሱ ገንዳና የራሱ ሜዳ ያለው ማኅበር አላቸው። ነፃ የገላ ባህል ይሉታል፤ ወንድ ሴት ሳይሉ ልብሳቸውን በር ላይ አውልቀው ሲዋኙ፣ ኳስ ሲጫወቱ፣ ሣር ሲያጭዱ ይውላሉ። ኢንግሪድ በእናቷ እጅ ተይዛ ገብታ እዚያው ያረጀች ናት።

«እኔ አላወልቅም፣ ኢንግሪድ።»

«ለብሶ መዋኘት ደግሞ አይፈቀድም» አለችና ጥቂት አሰበች። «እንግዲያው ደንቡን እናስቀይራለን።»

ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ማታ ለተፈራ ስነግረው ሹካውን አስቀመጠ። «ራቁት ሰው መሀል? ምን ነካሽ ጥሩ? ቅዳሜና እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምናገኘው ሰው ምን ይላል?»

«ጠበል ስንጠመቅ ማን ካፖርት ለብሶ ይጠመቃል?»

«ያ ጠበል ነው! ደግሞ ሴት ለብቻ፣ ወንድ ለብቻ ነው።»

«እኔ ለብሼ ነው የምገባው። እነሱ የራሳቸው ጉዳይ ነው። ፀጉሬን ዕድሜ ልክህን ልታበጥርልኝ ነው ወይስ ልዋኝ?»

ሹካውን መልሶ አነሣ። ሶስና ግን ከክፍሏ ወጥታ በጀርመንኛ «ማማ፣ ፓይንሊሽ ነው!» አለች፤ ያሳፍራል ማለቷ ነው። «የድሮ ሰዎች ናቸው። ዛሬ እንደዚያ የሚያደርግ የለም። እኔ ለምሳሌ ባሕር ዳርቻ እንኳ ከቲሸርት ጋር ነው የምገባው።» እውነቷን ነው። ከጓደኞቿ ጋር ስትሄድ አንዷ ፎቶ ታነሣና ማታ ሁሉም ቁጭ ብለው የማን ጭን ወፍራም፣ የማን ሆድ ልሙጥ እንደሆነ ያያሉ። እኔ እኮ የመጣሁት መሸፈን ወግ ከሆነበት አገር ነው፤ እዚህ የተወለደችው ልጄ ከእኔ ብሳ ገላዋን ስትደብቅ ይገርመኝ ነበር።

የማኅበሩ ስብሰባ የበጋው ወራት ከመጀመሩ በፊት በአንድ ምግብ ቤት የኋላ ክፍል ነበር፤ ሁሉም ለብሰዋል። ሰብሳቢው ሄልሙት የሚባል ነጭ ፀጉር ያለው ረጅም ሰው ነው። ጡረታ የወጣ የባቡር ሹፌር ሲሆን አባቱም የማኅበሩ ሰብሳቢ ነበሩ። ያን ቀን ክራባት አድርጎ መጥቷል። እነሱ እርስ በርሳቸው ሁሉም «ዱ» ነው የሚባባሉት፣ አንተ አንቺ ማለት ነው። እኔ ግን ሽበት ያለውን ሰው አንተ ማለት አልሆን አለኝና «ሄር ሄልሙት» አልኩት፤ አቶ ሄልሙት ማለቴ ነበር፤ እነሱ ግን ሄር የሚሉት ከቤተሰብ ስም ጋር ብቻ ነው። ክፍሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

ኢንግሪድ ጉዳዩን ካቀረበች በኋላ እንዲህ አለ። «ሁላችንም ራቁት ስንሆን ማንም ማንንም አያይም። አንድ ሰው ለብሶ ሲገባ ግን እሱ ተመልካች ይሆናል፤ እኛ ደግሞ ትርኢት። ይሄን በር ከከፈትነው ማኅበሩ አለቀ።»

እውነት ለመናገር ነገሩ ስሜት ይሰጣል። ደግነቱ አንዲት ሕፃን ያቀፈች ወጣት እናት ብድግ አለች። «በጓደኞቼ ልጀምር። ለምን እንደማይመጡ ታውቃላችሁ? ከልጅነታችን ጀምሮ በየማስታወቂያው የምናየው አንድ ዓይነት የተስተካከለ ገላ ነው። ሆዷ የላላን ሴት በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም አውልቂ ካላችኋት አትመጣም። ደግሞ ስልክ አለ። እናንተ ወጣት ሳላችሁ ካሜራ የያዘ ሰው ከሩቅ ይታወቅ ነበር። ዛሬ ማን እንደያዘ ማን ያውቃል? ዙሪያችሁን እዩ፤ በዕድሜ ከእኔ በታች የሆነ ሰው አለ?»

አልነበረም። ከዚያ ኢንግሪድ በክርኗ ጎሸመችኝ። ተነሣሁ። «ሄር ሄልሙት፣ እኔ ለማየት አልመጣሁም። ነርስ ነኝ፤ የሰው ገላ ሳይ ነው የኖርኩት። አንድ ጡት የለኝም። ክንዴን ለማዳን ውሃ ያስፈልገኛል። ወላጆቻችሁ ማንም በግድ ልብስ እንዳያስለብሳቸው ብለው ታገሉ፤ እኔም ማንም በግድ እንዳያስወልቀኝ እጠይቃለሁ። ሁለቱ አንድ ናቸው።»

እጅ ሲወጣ በጥቂት ሰው በለጥን። ለአንድ በጋ ይሞከር ተባለ። ሄልሙት ሲሸነፍ አልተቆጣም፤ «እሺ። ግን ስልክ በር ላይ ይቀራል። የሁሉም» አለ። በሳምንቱ በሩ ላይ ቁልፍ ያለው የእንጨት ሣጥን በራሱ እጅ ሠርቶ አቆመ።

የመጀመሪያው ቀን ተፈራ በመኪና ወሰደኝና ከበሩ ውጭ፣ ጥላ ሥር አቁሞ ጋዜጣ ገለጠ። «ካስፈለግኩሽ ጥሪኝ» አለኝ፤ ብጠራው የሚሮጠው ግን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ቤቱ ይመስለኛል። ውስጥ ስገባ መሬት መሬት እያየሁ ነበር። ቀስ እያልኩ ቀና ስል ያየሁት ያን ሁሉ ዓመት መጦሪያ ቤት ሳጥበው የኖርኩትን ገላ ነው፤ የተንጠለጠለ ሆድ፣ የዳሌ ቀዶ ጥገና ስፌት፣ የሾጠጠ ቂጥ፣ ፀሐይ ያጠቆረው ትከሻ። ልዩነቱ እዚህ ማንም አላፈረበትም። ውሃው ውስጥ ገባሁ። ሲሊኮኑን ቤት ትቼው ነበር የመጣሁት። ሄልሙት ከሜዳው ማዶ አየኝና ጀርባውን አዙሮ ተኛ። ጥቂት ቆይቶ ግን ተነሣ፤ ተጣጣፊ ወንበር ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ልክ እንደተፈጠረ ወደ በሩ ሄደና ለተፈራ «መኪና ውስጥ ይሞቃል፤ እዚህ ይቀመጡ» አለው። ተፈራ ከአክብሮት የተነሣ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ግን አጥቶ ሽቅብ ሰማዩን ያያል። «ምን እያዩ ነው?» ሲለው፣ «እ... አውሮፕላኑን። የኛ ጭነት ነው» አለው አሉ። ይህን ከሁለቱም አፍ ሰምቼዋለሁ።

በጋው ሙሉ ዋኘሁ። ክንዴ መጀመሪያ ትከሻዬ ድረስ፣ ከዚያ ጆሮዬ ድረስ፣ ከዚያ ከራሴ በላይ ተነሣ። ያመኝ ነበር፤ እያመመኝ ዋኘሁ። ቤተ ክርስቲያን አንዲት ሴትዮ «ከራቁቶቹ ጋር ትውያለሽ አሉ» ብትለኝ፣ «አዎ እህቴ፣ የታመመ ክንድ ካለሽ ላስተዋውቅሽ» አልኳት። ተፈራ ፈረቃው ሲቀየር ሶስና ትነዳልኝ ጀመር። መጀመሪያ በተፈራ ወንበር ላይ መጽሐፏን ይዛ ውጭ ተቀመጠች። አንድ በጣም የሞቀ ቀን የእንጨት ሣጥኑን አይታ «የእውነት ስልክ የሚይዝ የለም?» ብላ ጠየቀችኝ። «የለም» አልኳት። ስልኳን ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጣ፣ በዋና ልብሷ ላይ ሰፊ ቲሸርት ደርባ ገባች። ማንም አላያትም፤ ሽማግሌዎቹ ካርታቸውን እየመቱ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ቲሸርቱን ተወችው። በዋና ልብሷ ብቻ ውሃው ዳር በሆዷ ተኝታ ስታነብ አየኋት፤ ሆዷን ሳትስብ፣ ጭኗን በፎጣ ሳትሸፍን። ምንም አላልኳት።

በሁለተኛው በጋ ሙከራው ማንም ሳያነሣው ቀጠለ። ለብሰው የሚዋኙ ሦስት አራት ወጣቶች መጥተዋል፤ ከእነሱ አንዳንዶቹ ሲለምዱ አወለቁ፣ አንዳንዶቹ አላወለቁም። የጠፋው ሄልሙት ነው። ኢንግሪድን ስጠይቃት ፊቷ ጠቆረ። «አንጀቱን ቀዶ ጥገና አደረጉት። ከዚያ ወዲህ በር አይከፍትም። ስልክም አያነሣም።»

አድራሻውን ተቀብዬ ዞሰንሃይም ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። ከነዚያ ከጦርነቱ በኋላ ከተሠሩት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ነው የሚኖረው፤ ብቻውን። ደወልኩ። ደገምኩ። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈተው። ያ ግንድ የሚያህል ሰው ሰፊ ካፖርት ውስጥ ጠፍቷል።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም። ሄር ሄልሙት፣ ይክፈቱልኝ።»

አስገባኝ። ተቀመጥን። እጁን ሆዱ ላይ አደረገና «እዚህ ጋ ከረጢት ለጥፈውብኛል። ሰገራዬ በእሱ ነው የሚወጣው» አለኝ፤ ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነው።

«ስንቱን ከረጢት ቀይሬያለሁ መሰለዎት? ውሃ አይገባውም፤ መዋኘት ይችላሉ።»

«እዚያ ሁሉም እያየኝ?»

«ማንም ማንንም አያይም ብለውኝ አልነበር?»

ፊቱ ቀላ። የተቆጣ መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ጤነኛ ሳለሁ ቀላል ነበር» አለ።

«ቅዳሜ ጠዋት ልጄ በመኪና ትወስደናለች። በር ካልከፈቱ ደወሉን አልለቅም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ይወጣል። ሸፍነው ይግቡ። ደንቡ ይፈቅዳል።»

«የዋና ቁምጣ የለኝም» አለኝ። «በዕድሜዬ ገዝቼ አላውቅም።»

ቁምጣውን የገዛለት ተፈራ ነው። ዛይል በሚባለው የገበያ ጎዳና ላይ ካለው ትልቅ መደብር ገብተን፣ ባለቤቴ ለራሱ ሱሪ ሲገዛ የማያደርገውን ምርጫ አደረገ፤ ወገቡን ከፍ አድርጎ የሚሸፍን፣ ገመድ ያለው፣ ጥቁር ሰማያዊ። «ሽማግሌ ሰው ነው፤ የሚያብለጨልጭ አይሆንም» እያለ ሻጯን አደከማት።

ቅዳሜ ሄልሙት ለብሶ በር ላይ ጠበቀን። ገንዳው ጋ ስንደርስ ግን ካፖርቱን አውልቆ ውሃው ዳር እግሩ ተተከለ። ያን ሁሉ ዓመት ያለ አንዳች ጨርቅ የተመላለሰበት ሣር ላይ በአዲሱ ቁምጣው ቆሞ ገመዱን ደጋግሞ ያጠብቃል። ካርታ የሚጫወቱት ቀና አሉ። አንደኛው ለአንድ አፍታ አየውና «ጉተን ሞርገን ሄልሙት፤ ሣሩ አድጓል፣ ያላንተ የሚያጭድ ጠፍቷል» ብሎ ካርታውን ጣለ። ሳቅ ተነሣ፤ እንደዚያ ጎረምሶች ያለ ሳቅ ግን አይደለም። እኔ ውሃው ውስጥ ሆኜ «ይግቡ እንጂ!» አልኩት። ገባ። ከዚያ ወዲያ ማን ይያዘው፤ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ አስከተለኝ።

ብርዱ ወራት ሲመጣ በተጠራው ስብሰባ ላይ ሙከራው ቋሚ ደንብ እንዲሆን ሐሳብ ያቀረበው ሄልሙት ራሱ ነው፤ አንድም የተቃወመ አልነበረም። ከዚያ በኋላም ጥቂት በጋዎችን ዋኝቷል። ሲያርፍ ቀብሩ ላይ ተፈራ ከእኔ በላይ አለቀሰ። ኢንግሪድ ዛሬ ዘጠናን እየተጠጋች ነው፤ መጦሪያ ገብታለች፤ ስሄድ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ የውሃውን ቅዝቃዜ ነው።

ያ ቅዳሜ ግን በሄልሙት አላበቃም። ከውሃው ስወጣ እንደ ልማዴ ከነዋና ልብሴ ታጥቤ፣ ክፍል ዘግቼ ልቀይር ወደ ሴቶቹ መታጠቢያ ሄድኩ። ማንም አልነበረም። ውሃውን ከፈትኩና ቆምኩ። ያ ሰው በስተርጅና ያን ያህል ፍርሃት ረግጦ ሲገባ አይቼ፣ እኔ ከማን ነው የምደበቀው ብዬ የዋና ልብሴን አውልቄ መንጠቆው ላይ ሰቀልኩት። ሙቁ ውሃ ጠባሳዬ ላይ ሲወርድ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጥ ሶስና በዋና ልብሷ በሩ ላይ ቆማለች። እጄ ደረቴን ሊሸፍን ተነሣ። በግድ መልሼ አወረድኩት።

«እማ» አለችኝ። ቀረብ አለች። ቀና ብላ፣ ሳትቸኩል፣ ስፌቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። «ያምሻል?»

«አያመኝም። ሲበርድ ትንሽ ይወጥረኛል።»

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«እንዳትፈሪ ብዬ ነዋ።»

«እኔ እኮ ስላላየሁት ነው የፈራሁት። ሌሊት ሌሊት ምን ይመስል ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።» በእጇ ዳበሰችው፤ ጣቶቿ ከውሃው የተነሣ ቀዝቅዘዋል። ከዚያ ሳሙናውን ከመደርደሪያው አነሣችና «ዙሪ፣ ጀርባሽን ላሽልሽ» አለችኝ።

ዞርኩላት።